የሚዞረው በግና ጤነኛ የሚመስለው ውሻ፦ የቤት እንስሳት የሕመም ምልክት ሥሩ ከየት ነው?



ሰው ሲታመም ሐኪም ፊት ቀርቦ «እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ የጀመረኝ ከትናንት ወዲያ ነው» ብሎ ይናገራል። እንስሳ ግን ይህ አንደበት የለውም። ሕመሙን የሚነግረን በአረማመዱ፣ በፀጉሩ፣ በዓይኑ፣ በአበላሉና በፋንድያው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ ግመል ባዩ ጊዜ፣ መናገር ስለማይችሉት ስለ እነዚህ እንስሳት አላህን እንድንፈራ ማሳሰባቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ግመሉ አልተናገረም፤ ሰውነቱ ግን ተናግሯል።

ችግሩ የሰውነት ቋንቋ ብዙ ጊዜ አሻሚ መሆኑ ነው። አንዱ ምልክት አራትና አምስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። አንዳንዴም ምልክቱ በአንዱ እንስሳ ላይ ይታይና ሥሩ በሌላው ዘንድ ይገኛል። ምልክቱን ብቻ እያከምን ሥሩን ከተውነው ገንዘባችንም እንስሳችንም ይባክናል፤ ከዚያም አልፎ በሽታው ወደ ልጆቻችን ይሻገራል። በዚህ ጽሑፍ ይህን ጉዳይ በአንድ አካባቢ፣ በጋሞ ዞን በዶርዜ፣ ይዘን እንመለከታለን።

ለምን ዶርዜ?

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የደጋ መንደር ናት። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ዶርዜ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ ትገኛለች። በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጉዞ ከሞቃቱ ቆላ ወደ ብርዳማው ደጋ ይደረሳል። አገሩ በሸማ ሥራው፣ በእንሰቱና ከቀርከሃ በሚሠራው ረጅም ቤቱ ይታወቃል።

በዚህ ቤት ውስጥ ከብቶችም ይኖራሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰው በአንድ ወገን፣ ከብት በሌላው ወገን ያድራል። ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል፣ ፋንድያቸው የጓሮውን እንሰት ያበላል። «የቤት እንስሳ» የሚለው ቃል በዶርዜ እንደ ስሙ ነው። ይህ አኗኗር ብልሃት አለው፤ ነገር ግን ሰው፣ በግ፣ ላምና ውሻ እንዲህ ተቀራርበው ሲኖሩ የአንዱ በሽታ የሌላው ጉዳይ ይሆናል። ይህ ደግሞ የዶርዜ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በደሴም፣ በጅማም፣ በአዲስ አበባ ዳርቻም በግቢው ሁለት በግና አንድ ውሻ የሚያኖር ሰው ሁሉ ያገኘዋል።

አዙሪት፦ በጉ ዞረ፣ ምክንያቱ ግን ከውሻው ነው

አንድ ግልገል ወይም ጠቦት ከመንጋው መነጠል ይጀምራል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ከዚያም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል። ግድግዳ ይገፋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ዓይኑ ማየት ያቆማል። ገበሬው «አዙሪት» ይለዋል። አንዳንዱ ቡዳ በላው ይላል፣ አንዳንዱ ጂን ነካው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ራሱን ተመቶ ነው ይላል።

በአገራችን ደጋ አካባቢዎች የአዙሪት ዋነኛ ምክንያት ግን የውሻ ኮሶ ነው። ሂደቱ እንዲህ ነው፦

ውሻው በአንጀቱ ውስጥ እስከ 1 ሜትር ሊረዝም የሚችል ጥገኛ ትል ይይዛል። ትሉ እንቁላሎቹን ከውሻው ኩስ ጋር ወደ ውጭ ይለቃል። በዓይን የማይታዩት እንቁላሎች በሣር ላይ ይቀራሉ፤ እንደ ዶርዜ ባለ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ውስጥ ለወራት ሳይሞቱ ይቆያሉ። በጉ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል። እጩ ከአንጀት ወጥቶ በደም ተጉዞ አንጎል ውስጥ ይቀመጥና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ እያደገ ሲሄድ አንጎልን ይጫናል፤ በጉም ይዞራል። ከዋጠበት ቀን እስከሚዞርበት ቀን ወራት ስለሚያልፉ ማንም ሁለቱን ነገር አያገናኛቸውም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ክበቡን ይዘጋዋል። በጉ «ሳይከሳ» ይታረዳል፤ ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከአንጎሉ ጋር ከረጢቱን ይበላል፤ በውስጡ ያሉት ብዙ የትል ራሶችም በአንጀቱ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ። ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት በኋላ ውሻው እንደገና እንቁላል መጣል ይጀምራል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውሻው ጤነኛ ይመስላል። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ቤት ይጠብቃል። ምልክቱ በበጉ ላይ ነው፣ ሥሩ በውሻው ሆድ ውስጥ ነው፣ ክበቡን የሚያሽከረክረው ግን ጭንቅላቱን የወረወረው የሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሚዞር በግ ሁሉ ይህ ከረጢት አለበት ማለት አይደለም። በጉ ደጋግሞ የሚያነጥስና ከአፍንጫው ንፍጥ የሚወርድ ከሆነ፣ በአፍንጫው ውስጥ ዝንብ የጣለችው እጭ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ካለው፣ የፊቱ አንድ ጎን ከወደቀና በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተዳከመ፣ ከተበላሸ መኖ የሚመጣው የሊስቴሪያ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። አዙሪት ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ትኩሳት ቀስ ብሎ ይመጣል፤ በብዛትም ወጣት በጎችን ያጠቃል። በአንዳንዶቹ ላይ ከከረጢቱ በላይ ያለው የራስ ቅል አጥንት ሲነካ ይለሰልሳል። እነዚህን ልዩነቶች ለእንስሳት ሐኪሙ መንገር ግምቱን ያቀልለታል።

በጉበት ላይ ያለው ከረጢትና የዓረፋ ቀን

የአዙሪት ታናሽ ወንድም የሚመስል፣ ለሰው ግን ከእርሱ እጅግ የከፋ ሌላ ትል አለ። ይህ ትል በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ነው። አንድ ውሻ በሺዎች የሚቆጠሩትን ተሸክሞ ምንም ሳይመስለው ሊኖር ይችላል። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ውስጥ ሲገባ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠሩ ነጣ ያሉ ከረጢቶች ይሠራል። በዓረፋ ወይም በሌላ ጊዜ ያረደ ሰው ጉበቱን ሲያወጣ አይቷቸው ይሆናል። «ውሃ ቋጥሯል» ብሎ ቆርጦ ለውሻ ይጥላቸዋል።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት ሁላችንም የምናውቀውን ኮሶ እናስታውስ። በኮሶ ጊዜ ትሉ በሰው አንጀት ይኖራል፣ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ከብቱ ይያዛል፣ ሰውም ጥሬ ሥጋ ሲበላ ከከብቱ ይያዛል። በዚህኛው በሽታ የሰውን ቦታ የያዘው ውሻው ነው። ሰው ደግሞ በበጉ ቦታ ይገባል። ከውሻው ኩስ የወጣው እንቁላል በእጅ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ ጎመንና ሰላጣ ወደ አፍ ከገባ በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ለዓመታት ያለ ምንም ስሜት ያድጋል። ሲታወቅ የብርቱካን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ሁለት ነገሮችን ለይተን እንወቅ። አንደኛ፣ ከረጢቱን በጉበቱ ላይ ያየ ወይም ሳያውቅ የበላ ሰው በዚያ ምክንያት በዚህ በሽታ አይያዝም። ሰውን የሚያሲዘው ከውሻ የሚወጣው እንቁላል ነው። ስለዚህ አደጋው ያለው በሳህኑ ላይ ሳይሆን ለውሻ በተጣለው ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ውሻ ያልያዘ ቤትም ከዚህ አያመልጥም። ብዙዎቻችን ከውሻ ምራቅ እንጠነቀቃለን፤ እንቁላሉ ግን በጎረቤት ውሻ በኩል መጥቶ በጓሯችን ጎመን ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ዓረፋን ለይተን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዕለት በአንድ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ቤቶች ያርዳሉ። ሳንባውና የተበላሸው ጉበት ከቦይ ዳር ይጣላል፣ የሰፈሩ ውሾችም ይሰበሰባሉ። በዚያ ቀን ከረጢት የበላ ውሻ ከ6 እስከ 7 ሳምንት በኋላ፣ ማለትም ሙሐረም ሊያልቅ ሲቃረብ፣ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሰኞና ሐሙስ በሚቆመው የዶርዜ ገበያ በግ የገዛ ሰውም ሆነ አርባ ምንጭ ወርዶ ያረደ፣ ወይም አዲስ አበባ በግቢው የሚያርድ፣ ሁሉም በዚህ ሰንሰለት ውስጥ አለ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ለእርድ ቀን ከሚቆፈረው የደም ጉድጓድ አጠገብ ሌላ ጠለቅ ያለ ጉድጓድ ይቆፈር። ከረጢት ያለበት ጉበት፣ ሳንባና የዞረ በግ ጭንቅላት በዚያ ይቀበር፤ በላዩም ድንጋይ ይጫንበት፣ ውሻ ምሶ እንዳያወጣው። ለውሻ መስጠት የግድ ከሆነ በደንብ ተቀቅሎ ይሰጠው። ውሻ ያለው ሰው ፕራዚኳንቴል የተባለውን የኮሶ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው ይስጠው፤ በሽታው በሚበዛበት አካባቢ በየ6 ሳምንቱ ገደማ መስጠት ይመከራል። መድኃኒቱን በወሰደበት ሰሞን የሚወጣው ኩስ ተሰብስቦ ይቀበር። አትክልት ይታጠብ፣ ልጆች ከውሻ ጋር ተጫውተው ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።

ይህ መንገድ እንደሚሠራ ከሌላ አገር አይተናል። አይስላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ በሽታ በሰው ላይ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሽታው ከውሻ እንደሚመጣና የታረደ እንስሳ ብልት ለውሻ መጣል እንደሌለበት የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ ለየቤተሰቡ ታደለ። የውሾች ሕክምናና ቁጥጥር ተጨመረበት። ትውልዱ ሲለወጥ በሽታው ከአገሩ ጠፋ። በእኛ አቅራቢያ ደግሞ በሰሜን ኬንያ የቱርካና አካባቢ በዓለም ላይ በሽታው በሰው ላይ በብዛት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሁለቱን የለየው ዋናው ነገር ውሻው ምን እንደሚበላ ነው።

ለሃጭ፦ አንድ ምልክት፣ አራት ምክንያት

ላሟ ለሃጯ ይዝረበረባል፣ መብላት አቁማለች። ብዙ ሰው ወዲያው የሚያደርገው እጁን አፏ ውስጥ ማስገባት ነው። ከመግባቱ በፊት ግን አራት ምክንያቶችን እናስብ።

የመጀመሪያው መታነቅ ነው። በዶርዜና በጨንቻ ድንችና ፖም ይመረታል። ሙሉውን የዋጠች ላም ጉሮሮዋ ላይ ሊቀርባት ይችላል። ይህ በድንገት ይመጣል፤ አንገቷን ትዘረጋለች፣ ታስላለች፣ ጋዝ መውጫ ስለሚያጣ የግራ ጎኗ ይነፋል። ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ ሐኪም በቶሎ ይጠራ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ድንችና ፖም ቆራርጦ መስጠት።

ሁለተኛው አልቅት ነው። ከምንጭ ወይም ከኩሬ የጠጣች ላም አልቅት በአፏ ወይም በጉሮሮዋ ላይ ሲጣበቅ ለሃጩ ደም ይቀላቀልበታል።

ሦስተኛው አፍተግር ነው። በምላስና በድድ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፣ በሰኮናዋ መካከልም እንዲሁ፤ ስለዚህ ለሃጭና ማነከስ አብረው ይታያሉ። ትኩሳት ይኖራል፣ በአጭር ጊዜም ከጎረቤት ከብት ጋር ይዳረሳል። ለሃጭ ያላት ላም ካነከሰች ወደ ገበያም ወደ ጋራ ግጦሽም አትወሰድ።

አራተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስሙ «የውሻ» ቢሆንም ላምም፣ አህያም፣ ድመትም ይይዛል። የተነከሰች ላም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ጉሮሮዋ ሽባ ይሆንና መዋጥ ያቅታታል፣ ለሃጯ ይወርዳል፣ ድምጿ ይሻክራል፣ ያለ ምክንያት ትጮኻለች፣ ትጋፋለች ወይም በተቃራኒው ትደነዝዛለች። ሲታይ አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረባት ይመስላል። «ምን ነካት?» ብሎ በባዶ እጁ አፏን የከፈተ ሰው፣ በጣቱ ላይ ጭረት ካለ፣ በሽታውን ሊወስድ ይችላል። ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም።

ስለዚህ ለሃጭ ያየ ሰው መጀመሪያ ይጠይቅ፦ በቅርብ ወራት በሰፈሩ ያበደ ውሻ ታይቶ ነበር? ላሟ ላይ የንክሻ ጠባሳ አለ? ጠባይዋ ተለውጧል? ከነዚህ አንዱ እንኳ ካለ እጅ ወደ አፏ አይግባ። ላሟ ትለይ፣ ሥጋዋና ወተቷ አይነካ፣ ሐኪም ይጠራ። ሰው ተነክሶ ወይም ለሃጩ ቁስል ነክቶት ከሆነ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል። ሥሩን መንቀል ደግሞ ውሾችን በየዓመቱ ማስከተብ ነው።

በልቶ የሚከሳ ከብት

ከሁሉም በላይ የሚያደናግረው ምልክት ክሳት ነው። ብዙዎች መልሱን ቶሎ ያገኙታል፦ «መኖ አነሰው።» አንዳንዴ እውነት ነው። በበጋ ለከብት የሚቆረጠው የእንሰት ቅጠል ውሃ የበዛበት ስለሆነ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አካል አይገነባም። ሆኖም ሌሎቹም ከብቶች ያንኑ እየበሉ አንዱ ብቻ ከከሳ ምክንያቱ ሌላ ነው።

በደጋው ተጠርጣሪው የጉበት ትል ነው። ረግረግና ምንጭ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በሣር ላይ ይለጠፋል፤ በጉም ላሟም ይውጡታል። ትሉ ጉበትን ይበላል፣ ደም ያሳንሳል። የበጉ መንጋጋ ሥር ያብጣል፤ ውሎ ሲግጥ እብጠቱ ይጨምራል፣ ሌሊት ራሱን ቀና አድርጎ ሲያድር ይቀንሳል። ይህን እብጠት በጋለ ብረት የሚተኩሱ ወይም በምላጭ የሚበጡ አሉ። ውሃው ግን የመጣው ከተጎዳው ጉበትና ከደም ማነስ ነው፤ መበጣት ለበጉ ሌላ ቁስል ይጨምርለታል እንጂ አያድነውም።

ቀላል ምርመራ ማንም ሊያደርግ ይችላል። የበጉን የታችኛውን የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገን የውስጡን ቀለም እንይ። ቀይ ወይም ደማቅ ሮዝ ከሆነ ደሙ ደህና ነው። የነጣ ከሆነ ደም አንሶታል፤ የጉበት ትል፣ ደም መጣጭ የሆድ ትል ወይም ሌላ ተሕዋስ ይጠረጠራል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው የፋንድያ ምርመራ ነው። ልዩነቱ ከንቱ አይደለም። በየገበያው «የትል መድኃኒት» ተብሎ የሚሸጠው አይቨርሜክቲን የጉበት ትልን አይገድልም። አልቤንዳዞል ያደገውን እንጂ ገና ልጅ የሆነውን የጉበት ትል አያጠፋም። ትራይክላቤንዳዞል ሁለቱንም ይገድላል። ሥሩን ሳናውቅ የገዛነው መድኃኒት እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከንቱ ሊሆን ይችላል።

በቆላው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ፣ በሐይቆቹ ዳርና በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አቅራቢያ ባለው ቁጥቋጦ ቆላ ዝንብ አለች። ይህች ዝንብ ከብቱን ስትነክስ የገንዲን ተሕዋስ በደሙ ውስጥ ትተዋለች። ከብቱ ፀጉሩ ይቆማል፣ ይከሳል፣ ያስወርዳል፣ ትኩሳቱ እየመጣ ይሄዳል። በዶርዜ ብርድ ቆላ ዝንብ አትኖርም። ነገር ግን ከቆላ ገበያ የተገዛ ወይም ለእርሻ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ በሬ በሽታውን በደሙ ይዞ ይወጣል። በደጋው ሰው ዓይን በሬው «መኖ አልተስማማውም»። ስለዚህ ስለ ክሳት ከሚጠየቁ ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ከየት መጣ?» የሚለው ነው።

የገንዲ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን በከብቱ ክብደት ልክ ይሰጣል። አንዱን ፓኬት ለሦስት በሬ ማካፈል ተሕዋሱን መድኃኒት ያስለምደዋል፤ በጊቤ ሸለቆ የተደረጉ ጥናቶች መድኃኒት የለመዱ የገንዲ ተሕዋስያንን አሳይተዋል። ከሥሩ ለመንቀል የተደረገውን ጥረትም ማስታወስ ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ፣ በአዲስ አበባ ቃሊቲ ቆላ ዝንቦችን አራብታ፣ ወንዶቹን በጨረር እያመከነች በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ለመልቀቅ የያዘችው ሥራ መነሻው ይኸው ሐሳብ ነው፦ የታመመውን በሬ ብቻ ሳይሆን ያስታመመችውን ዝንብ መያዝ።

«ሳይሞት በቢላዋ እንድረስለት»

አሁን የምናነሳው ብዙ ቤተሰብ ያዘነበት ነገር ነው። ትናንት ደህና የነበረ በሬ ዛሬ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። ባለቤቱ ሐራም ሆኖ ከሚቀር ብሎ ቢላዋ ያነሳል። ንብረቱን ማዳኑ፣ ሐላል ሆኖ መታረዱ ትክክል ይመስለዋል።

ነገር ግን በድንገት የሚጥል በሽታ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አባ ሰንጋ ያለበትን በሬ ማረድና መግፈፍ ደሙንና ተሕዋሱን በቤቱ ሰዎች እጅ ላይ መክፈት ነው። በአራጁ እጅ ላይ መጀመሪያ የሚያሳክክ እብጠት፣ ቀጥሎም መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣል። ሥጋውን የበላ በአንጀቱ ይታመማል፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ተሕዋሱም መሬት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ በዚያ ቦታ የሚግጥ ከብት ከዓመታት በኋላ ይያዛል።

ቢስሚላህ ተብሎ መታረዱ የእርዱን ሥርዓት ያሟላል፤ የበሽታውን ተሕዋስ ግን አይገድልም። ቁርኣን ምግባችን ሐላልም ጠይብም (መልካምና ንጹሕ) እንዲሆን ያስተምረናል። በዑድሂያም ሕመሙ ግልጽ የሆነ፣ ማነከሱ ግልጽ የሆነ፣ አንድ ዓይኑ መጥፋቱ ግልጽ የሆነና እጅግ የከሳ እንስሳ እንደማይበቃ በሐዲስ ተነግሯል። አንድ ሰው በገበያ ላይ ይህን ሲመረምር ዒባዳውንም ጤናውንም እየጠበቀ ነው። የሚዞር በግ፣ የነጣ የዓይን ቆብ፣ ከመንጋጋ ሥር ያበጠ ጠቦት ሲያይ ያልፈዋል። ከታረደ በኋላ የተገኘ ጉድለት ስለሚኖረው ፍርድ ደግሞ የአካባቢውን ዑለማ መጠየቅ ነው።

በድንገት የወደቀ፣ ወይም ሞቶ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም የፈሰሰው እንስሳ አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይከፈት። ውሻም ጆፌም እንዳይደርስበት ይጠበቅ፤ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገርና በእርሱ መመሪያ በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለሌሎቹ ክትባት አለ። የእንስሳት ክትባት የሚመረተው በአገራችን፣ በቢሾፍቱ ነው፤ በየዓመቱ የሚደረግ ክትባት ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የምንመልሳቸው ጥያቄዎች

ባለቤቱ ከሐኪሙ በላይ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እንስሳውን በየቀኑ ያየዋል። ይህን እውቀት በሥርዓት ካስያዘው ሐኪሙ ግማሹን መንገድ ሄዶለታል ማለት ነው።

1. መቼ ጀመረው? በአንድ ሌሊት ነው ወይስ ቀስ እያለ?
2. እርሱ ብቻ ነው ወይስ ሌሎቹም? ጎረቤትስ?
3. ከየት መጣ? ከቆላ ነው የተገዛው ወይስ እዚሁ ተወልዶ ያደገ?
4. በቅርብ ምን ተለወጠ? መኖ፣ የውሃ ቦታ፣ ግጦሽ?
5. ፋንድያውና ሽንቱ እንዴት ነው? ያመሰኳል?
6. የዓይን ቆቡ ውስጥ ቀለሙ ምን ይመስላል?
7. ትኩሳት አለው? በሙቀት መለኪያ ከታየ የጤነኛ ላም ከ38 እስከ 39.5፣ የበግ ከ38.5 እስከ 40፣ የውሻ ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ገደማ ነው።
8. ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት ተሰጠው? በምን ያህል መጠን? መቼ?
9. በቤቱ ውስጥ ያለው ውሻ ምን ይበላል? የኮሶ መድኃኒትና ክትባት አግኝቷል?
10. በቤቱ የታመመ ሰው አለ?

የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። እኛ ግን ከሁሉ በፊት እንዲነሱ እንፈልጋለን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ላይ ሊጻፉ ይገባል።

መልሶቹ ይዘው ሲሄዱ ደረጃ አለው። በቀበሌ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ፤ ከዚያም የወረዳው ክሊኒክና ጽሕፈት ቤት። የላቦራቶሪ ምርመራ ካስፈለገ በደቡቡ ክፍል በወላይታ ሶዶ የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። መድኃኒት ከገበያ ጉልት መግዛት ግን ሥሩን ሳያዩ ቅጠሉን መልቀም ነው። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋና ወተትም በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን ሳያልፍ ለቤተሰብም ለገበያም አይቅረብ፤ ይህ የአማና ጉዳይ ነው።

ዱዓና መድኃኒት

«ቡዳ ነው፣ ዓይን ነው» የሚለውን ንግግር ሁላችንም እንሰማለን። ሩቅያና ዱዓ ማድረግ ሰበቡን ከመያዝ አይከለክልም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውናል። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ያስተማሩንም እርሳቸው ናቸው። በጉ ሲዞር ዱዓ ያደረገ፣ ከዚያም ጭንቅላቱን ቀብሮ ለውሻው መድኃኒት የሰጠ ሰው ሁለቱንም ይዟል። ዱዓ ብቻ አድርጎ ጭንቅላቱን ለውሻው የወረወረ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሌላ በግ ሲዞር ያያል፤ አላህ አይበለውና፣ ልጁንም ሐኪም ቤት ሊያመላልስ ይችላል።

ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት፣ ድመትን አስራ በረሃብ የገደለች ሴት ደግሞ በእርሷ ምክንያት እንደተቀጣች ተነግሮናል። ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ የያዝነውን ውሻ ማከምም የዚሁ እዝነት ክፍል ነው። የውሻው ሆድ ንጹሕ ሲሆን የበጉ ራስ ይድናል፤ የልጁም ጉበት እንዲሁ።

የዘንድሮው ዓረፋ ከመድረሱ በፊት በየቤታችን አንድ ነገር ብናስብ ይበቃናል፦ ጉድጓዱ የት ይቆፈር? መስጂዶች፣ የሰፈር ጀመዓዎችና የዕድር ሰብሳቢዎች ከኹጥባ በኋላ በአምስት ደቂቃ ሊያስረዱት የሚችሉት ጉዳይ ነው። ወጣቶች ሲከፋፈሉ የሰፈሩን ትርፍራፊ ሰብስቦ መቅበር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አላህ እንስሶቻችንን ይጠብቅልን፣ ልጆቻችንን ከክፉ በሽታ ይሰውርልን። አሚን።